የቀኝ እጅን ፊርማ በግራ እጅ ስለማምጣት

…እና እጄን ከነእርሳሱ በእጇ ጨብጣ «አትጫነው፣ ወረቀቱ አልበደለህም» ትለኝ ነበር። መዳፏ የሳሙናና የጋለ ጨርቅ ሽታ ነበረው። እኔ ደግሞ ፊደሉን ትቼ ጣቶቿን አይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሆነው… ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤ በሰላምታ እንደሚጀመር አውቃለሁ።

ለተከበሩ የውክልና ማረጋገጫ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ቤተሰብዎን ጤንነት፣ በተለይም የሁለቱንም እጆችዎን ደኅንነት ከልብ እመኛለሁ። ፊት ለፊት ተያይተን ባናውቅም በርዎን ግን ጠንቅቄ አውቀዋለሁ፤ ከመያዣው በታች ቀለሙ የተላጠበትን ቦታ፣ ሲዘጋ የሚያሰማውን ጨዋ ድምፅ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የማወጣው በድፍረት አይደለም። የታሸገውን በመዝገብ ቤት በኩል ልኬልዎ ማንም ስላልከፈተው፣ ሳይታሸግ ቢደርስዎ ድካም ይቀንስልዎታል ብዬ ነው።

ታላቅ እህቴ፣ ያኔ ፊደል ያስቆጠረችኝ፣ እትዬ የምላት፣ በአንድ ትልቅ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ በመተኮስ ትሠራ ነበር። እርጥቡ አንሶላ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ደርቆና ተስተካክሎ የሚወጣበት ማሽን አለ። ጣት ወደ ጋለው ብረት እንዳይጠጋ የሚከለክለው ዘንግ፣ ሥራ ያዘገያል ተብሎ በአለቃዋ ትእዛዝ ወደ ላይ ተሰቅሎ በጨርቅ ታስሮ ነበር። አንድ ጠዋት አንሶላው ሲገባ ተጨማደደ፤ እትዬ ልታቃናው ቀኝ እጇን ሰደደች። ማሽኑ ሥራውን ያውቃል፣ የገባለትን ሁሉ ይዳምጣል። ሆቴሉ «የራሷ ግድየለሽነት ነው» አለ። እኛም እንደ ማንኛውም ሰላማዊ ሰው ጠበቃ ፍለጋ ወጣን።

አንደኛ፤ ቢሮዎ ከመድረሳችን በፊት የገጠመን የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ የማነሣው ብቻዎን እንዳልሆኑ አውቀው እንዲጽናኑ ነው። በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ያገኘነው የመጀመሪያው ጠበቃ ከወንበሩ ሳይነሣ «መኪና ነው?» ሲል ጠየቀን። ማሽን ነው አልነው። «አይ፣ መኪና ቢሆን ጥሩ ነበር» አለና፣ እህቴ ባለመገጨቷ ከልቡ አዘነ። ሁለተኛው ታሪካችንን ከመነሻው እስከ መጨረሻው ሰማ፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ፣ አለቃዋ ዘንጉን ስለማሳሰሩ ደጋግሞ ጠየቀ፤ የሆቴሉን ስም ስንነግረው ግን «እነሱማ ደንበኞቼ ናቸው» ብሎ እስከ በር ሸኘን። እንዲህ ያለ ሸኚ ከዚያ በፊት አላየንም።

ሦስተኛዋ ጠበቃ ከጫማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል የምትሠራ ሴት ናት። ወረቀታችንን ወደ ጎን አድርጋ «እስቲ እጅሽን ልየው፣ እህቴ» አለች፤ ፋሻውን ራሷ ፈታችው፣ ራሷ መልሳ ጠቀለለችው። ከዚያ ጉዳዩን እንደምትይዘው፣ ነገር ግን ክስ የማቅረቢያው ይርጋ ሊሞላ ጥቂት እንደቀረውና ካለፈ ማንም እንደማይሰማን፣ ያለ ውክልና ደግሞ እሷም እንደ እኛ መንገደኛ መሆኗን ነገረችን። ወደ እርስዎ የመጣነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፤ በመስኮትዎ ያለው ሠራተኛ፣ እህቴ በግራ እጇ የሞነጫጨረችውን ተመልክቶ፣ ፊርማው መታወቂያዋ ላይ ካለው ጋር እንደማይመሳሰል በትሕትና ስለገለጸልን አመሰግናለሁ። ቀኝ እጇን አንሥታ አሳየችው። «እሱን አይቻለሁ፣ እትዬ፤ ፊርማው ግን አይመሳሰልም» አላት። አሻራ ብታደርግስ ብዬ ጠየቅሁ። አሻራ መጻፍ ለማይችል ሰው ነው፣ እሷ ደግሞ ትችላለች፤ መታወቂያዋ ይመሰክራል። ስንለማመጠው ግን አዘነልንና ቀለሙን አመጣ። መመሪያው የቀኝ አውራ ጣትን ነው የሚያዘው። እህቴ በዚያች ጣት ወረቀቱን ነካች፤ አንዲት መስመር እንኳ የሌላት፣ ልሙጥ ጥቁር ነጠብጣብ ቀረች። ሠራተኛው ወረቀቱን ወዲያና ወዲህ አዟዟረው። «ይሄ የማንም አይደለም» አለ።

በመንገድ ላይ እትዬ ጣቷን በቀሚሷ ትጠርግ ነበር፣ ቀለሙ ከለቀቀ በኋላም።

ሦስተኛ፤ ለተሰጠን ትምህርት ምስጋናዬ ይድረስዎ። በወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን የራሷን ፊርማ እንደ ሌባ አጠናነው፤ ቀጥ ብላ የምትወርደውን መስመር፣ መሐል ላይ ያለችውን ቀለበት፣ መጨረሻ ላይ ወደ ኋላ የምትታጠፈውን ጭራ። ግራ እጇን ከነብዕሩ በእጄ ጨበጥኩ። «አትጫኚው፣ ወረቀቱ አልበደለሽም» አልኳት። «አንተ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ቂም ይዘህ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች፤ ከማሽኑ ወዲህ ስትስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። ጭራዋ ብዙ ጊዜ እምቢ አለች። አንድ ቀን ግን ተሳካልን፤ ሁለታችንም ወረቀቱን ትኩር ብለን አየነው።

ሠራተኛዎ ፈገግ አለ። «ይኸው! ሲፈልጉ ይችላሉ» ብሎ ማኅተሙን መታ፤ ከማኅተሙ በላይም እንደ አሠራራችሁ «ባለጉዳይዋ በፊታችን፣ በራሳቸው እጅ፣ በተለመደው ፊርማቸው ፈርመዋል» የሚለውን አሰፈረ። ጠበቃችን ይርጋው ሳይሞላ ክሱን አስገባች። እኛም እንደ ሰው ተኛን።

ቀጥሎ ያለው ስንተኛ እንደሆነ ጠፍቶብኛል። ያ ዓይኑን የጠረገው ጠበቃ በሆቴሉ በኩል መልስ አቀረበ። የከሳሿ ፊርማ ከአደጋው በፊት ከነበረው ጋር በመስመርም በቀለበትም አንድ መሆኑን፣ የተለመደ ፊርማ ለመሆኑም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያረጋገጠ መሆኑን፣ ያከማት ሐኪምም «የጣቶቹ እንቅስቃሴ በሂደት ሊመለስ ይችላል» ብሎ የጻፈ በመሆኑ እንግዲህ ተመልሷል ማለት መሆኑን በሚያምር አማርኛ አስረዳ። ዳኛው እህቴ በየትኛው እጇ እንደፈረመች የሚገልጽ ማስረጃ ከቢሮዎ እንድናመጣ አዘዙ፤ በሚመጣው ቀጠሮ ካልቀረበ መዝገቡ ባለበት ይወሰናል።

መስኮቱ ጋ ተመለስን። «እኛ የምናረጋግጠው ፊርማ ነው፣ እጅ አናረጋግጥም» ተባልን። ያው ሠራተኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በግራዋ እንደነበረ በደንብ እንደሚያስታውስ፣ የሚያስታውሰውን ለመጻፍ ግን ሥልጣን እንደሌለው፣ ሥልጣኑ የእርስዎ እንደሆነ ነገረን። ስለዚህ አንዲት መስመር እለምንዎታለሁ፤ «በግራ እጅ ፈርመዋል» የምትል። ያላዩትን መጻፍ እንደሚከብድዎ ይገባኛል። እኛም ያየነውን ማስጻፍ ከብዶናል።

እስከዚያው እህቴ ቤት ውስጥ ግራ እጇን መደበቅ ጀምራለች። ማንኪያ ስትይዝ ዙሪያዋን ታያለች። ግራው በበረታ ቁጥር ቀኙ እንደሚቀጣ ገብቷታል፤ ትናንት የቀሚሷን ቁልፍ በግራዋ ስትቆልፍ አየኋት፣ ስታየኝ አቆመች። በርታ የምትለኝ እሷ ነበረች፤ አሁን እኔ በርቺ ልበላት ወይስ አትበርቺ?

ፊርማን ከእጅ፣ እጅን ከሰው ለይቶ ለማየት ለቻለው ለላቀው ማስተዋልዎ በአክብሮት ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ በዚህ ሁሉ ዝርዝር ጊዜዎን በመሻማቴ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ዘወትር ከበርዎ ማዶ የምገኝ፤

የባለጉዳይዋ ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፤ ይህን የምጨምረው በርዎ ፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ጸሐፊዎ ደብዳቤውን አይታ በወንድም የቀረበ አቤቱታ እንደማይስተናገድ፣ ባለጉዳይዋ ራሷ ገብታ በእርስዎ ፊት መፈረም እንዳለባት ነገረችን። ፊርማው ካልተመሳሰለ አይቀበሉትም። ከተመሳሰለ ደግሞ ያ ጠበቃ አንድ ማስረጃ ይጨመርለታል፤ ለዚህም በእሱ ስም አስቀድሜ አመሰግንዎታለሁ። እትዬ አጠገቤ ተቀምጣ ሁለቱንም እጆቿን በነጠላዋ ሥር አድርጋለች። አሁን ስሟ ተጠራ። ብዕሬን ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት፤ ይህን የምጽፈው ከጸሐፊዋ በተዋስኩት ነው። በየትኛው እጇ እንደተቀበለችኝ ልብ አላልኩም። ቀና ስል ጀርባዋ ገብቶ ነበር፣ እና በሩ ያንን ጨዋ ድምፁን አሰምቶ ተዘጋ።