ቢጫው መድኃኒት አያድርም

ኅዳር 8፣ ጠዋት
መርፌውን ቀቀልሁ። የአማቴ ትኩሳት ዛሬም አገረሸ። ግርሻ ነው፤ ለቀቀ ሲሉት ይመለሳል። ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ልንገርሽ፦ ከጦርነቱ በፊት እሠራበት ከነበረው ሐኪም ቤት ይዤው የመጣሁት የግርሻ መድኃኒት፣ ቢጫው ዱቄት፣ አንድ ብልቃጥ ብቻ ቀርቷል። ለሁለት ሰው ይበቃል። ችግሩ፣ አንዴ ብልቃጡ ከተከፈተ አየር ያበላሸዋል፤ በውሃ ተበጥብጦም አያድርም። ባሌ አያሌውም ከአርበኞቹ ዘንድ በዚሁ ትኩሳት ታምሜአለሁ ብሎ ልኳል። ዛሬ ይገባል። ሲመጣ እበጠብጠውና እናትና ልጅን አንድ ላይ እወጋለሁ።

ኅዳር 8፣ ማምሻ
አልመጣም። የሽንዲን መንገድ ጣሊያን ዘግቶታል አሉ። አማቴ ይቃዣሉ። ነቃ ሲሉ ነገሩ ገባቸው።
«ለልጄ አስቀምጪው። እኔ ዕድሜ ጠግቤያለሁ።»
«እኔስ ልጅዎ አይደለሁም?» አልኋቸው። ተቆጣሁ። ከዚያ አለቀስሁ። ጉንጬን ዳበሱኝ።
የብልቃጡን አንገት ሰብሬ ዱቄቱን በጠበጥሁት። ክንዳቸው እንደ ጭራሮ። ግማሹን ወጋኋቸው። የተረፈውን ከነብልቃጡ አፉን ዘግቼ ቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ ውስጥ ነከርሁት። እንደሚበላሽ አውቃለሁ። ግን እንዴት ልድፋው?

ኅዳር 9
አማቴ አላባቸው፤ ትኩሳቱ ወረደ። አጥሚት ጠጡ። ተመስገን!
የተረፈው ግን እንደ ጠላ ጠቁሯል። ቀለሙ ከተለወጠ መርዝ ነው ይል ነበር አብሬው የሠራሁት ሐኪም።
ከሰዓት አያሌው ገባ፤ ጓደኞቹ ደግፈውት፣ ሰውነቱ እንደ ፍም።
«ውጊኝ፤ ከምንም ይሻላል» አለ። እምቢ አልሁ። ዓይኑ እያየ ደፋሁት። ሌላውን ለማን እንደሰጠሁ ነገርሁት። እጁን ከእጄ አላወጣም። ወደ እናቱ መደብ ዞረ።
«እንኳን ሰጠሻቸው።»

ኅዳር 12፣ ሚካኤል
እርጥብ ጨርቅ ስቀያይርለት ሰነበትሁ። ዛሬ በራሱ አላበው። ልብሱን ቀቀልሁ፤ በሽታውን የሚያመላልሰው ቅማል ነው። አገር ነጻ ሳይወጣ ጎፈሬዬን አላስነካም ይል የነበረ ሰው፣ ልላጭህ ስለው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰጠኝ። ጭንቅላቱ እንደ ሕፃን። ሳምሁት።
ግርሻው ግን ይመለሳል። ሌላ ዙር አይችልም። ቡሬ ያለው የጣሊያን ሐኪም ቤት ያንኑ ዱቄት ይወጋል አሉ። እሄዳለሁ አልሁ። አያሌው፣ ቢይዙሽስ ብሎ ተቆጣ። አማቴ ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፉ።
«ሕመምተኛዋ እኔ፣ አስታማሚዋ እሷ። ከአሮጊት ጋር የምትሄድን ማን ይጠረጥራል?»
ነገ ማልደን እንነሣለን። መንገዱ ሩቅ ነው። ሳይበጠብጡ፣ ከነብልቃጡ እንዲሰጡን እለምናለሁ፤ ለአያሌው ሳይበላሽ እንዲደርስ።