የእንግዳው የምስጥ መድኃኒት

ይድረስ ከውድ እናቴ ከወይዘሮ ታይቱ፤ ጭልጋ።

የቆላው ሐሩር ሳያግደው ሰላምታዬ ደጋ ድረስ ይውጣልኝ። እማዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎን እንዴት አደረገዎት? ዓይንዎስ? ጾሙ አላደከመዎትም? ፋሲካን እንዴት ዋሉ? እኔና ባለቤቴ ፈረደ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ወባውም ዘንድሮ ራርቶልናል።

ሳልወድ የምነግርዎ ነገር አለ። አደራ ብለው የሰደዱልኝን የእህትዎን የእትዬ አሰበችን ልጅ እንግዳውን ከቤቴ አባርሬዋለሁ። እሱ ቀድሞ ከደረሰ የሚያወራልዎ ሌላ ነውና ከእኔ አፍ ይስሙት።

እንግዳው ገላባት ተሻግሮ፣ የእንግሊዞችን መጋዘን ከምስጥ ከሚጠብቁ ሠራተኞች ጋር ጥቂት ከርሞ ሲመለስ «የምስጥ ሐኪም ነኝ» አለ። እዚህ ቆላ ምስጥ ምን እንደሆነ እርስዎ አያውቁትም፤ ምሰሶ አይል፣ የሰሊጥ ጆንያ አይል፣ ሁሉን ከውስጥ ይበላና ቅርፊቱን ይተውልዎታል። ስለዚህ ሰዉ ደስ አለው። እንግዳው ነጭ ዱቄት በውኃ እየበጠበጠ በየምሰሶው ሥር ያፈሳል፤ የሥራውንም ይቀበላል። እኔም «የአክስቴ ልጅ ነው» እያልኩ በየደጁ አስገባሁት። ኪስራ የሚሉትን ስስ የማሽላ እንጀራ ጋግራ ገበያ የምትሸጠው ጎረቤቴ መጂዳ፣ ባሏ የሞተባት ናት፤ እሷም ዘንድ የወሰድኩት እኔው ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ይገርመኝ ነበር። እሱ አክሞ ከወጣበት ቤት አጠገብ ያለው ቤት ወዲያው ምስጥ ይነሣበታል።

ከፋሲካ በኋላ ማሽላ ልቀዳ ጎተራ ስገባ የእንግዳው ስልቻ ከጥግ ይሸታል። አይጥ የሞተበት መስሎኝ እጄን ሰደድኩ። እማዬ፣ የበሰበሰ ግንድ በእርጥብ ጭቃ ጠቅልሎ፣ በትልቅ ቅል ውስጥ ምስጥ ያረባል! ነጭ፣ እንደ መግል ልዝብ፣ የሚርመሰመስ። ክንዴ ላይ ወጡብኝ፤ ባራግፋቸው ፈረጡ። መካከላቸው ደግሞ አውራ ጣቴን የምታህል እናታቸው፣ ሆዷ እየተንቀጠቀጠ ተጋድማለች። ደጅ ወጥቼ የበላሁትን ሁሉ አወጣሁት። ይህን የሚጽፉልኝ መሪጌታ ውባንተ «ልጄ፣ ይህስ ለእናት አይጻፍም» አሉኝ። «ይጻፍ» አልኳቸው።

እንግዳው ሲመጣ ስልቻውን እግሩ ሥር ጣልኩለት። እሱ እቴ! ሳቀ። «ስመኝ፣ በሽታ ከሌለ ሐኪም ምን ይበላል?» አለኝ። ለካ የግንዱን ቁራጭ ከነምስጡ በሰው ግድግዳ ሥር እየቀበረ፣ ኋላ ሲጠሩት መድኃኒቱን ተሸክሞ ይሄዳል። መድኃኒት የተባለውም አመድና ኖራ ነው። ከምስጡ ይልቅ ያ ሳቁ አንገሸገሸኝ።

«የመጂዳስ ቤት?» ብዬ መልሱን አልጠበቅኩም። ሮጥኩ። ምሰሶዋን በጣቴ ብጫነው እንደ ዳቦ ገባልኝ። «መጂዳ፣ ውጪ!» ብዬ ጎተትኳት። ከፈረደ ጋር አልጋዋንና እህሏን እያወጣን ሳለ ጣራው ተንሿሾ ወረደ። ሰው አልተጎዳም፤ ቤቷ ግን ክረምቱ ደጅ ቆሞ ሳለ አፈር ሆነ።

ነገሩን የሰማው ጎረቤት ሁሉ እንግዳውን ይዞ «ለጣሊያን ዘበኞች እንስጠው» አለ። እነሱ እጅ የገባ ምን እንደሚሆን እዚያም ታውቁታላችሁ። «ስጡት» እንዳልል የእርስዎ ሥጋ ነው፤ «ተዉት» እንዳልል በምን ዓይኔ? «ተዉት» ያለችው መጂዳ ናት። «እሱን ጣሊያን ቢበላው ለኔ ጣራ አይሆነኝም። የቀበረውን ሁሉ በእጁ ያውጣ» አለች። በየቤቱ እየዞረ በጥፍሩ ቆፍሮ አወጣ፤ እኛም አቃጠልነው። ከዚያ ጓዙን ደጅ ጣልኩለት። «በአክስቴ ይዤሻለሁ» ብሎ እግሬ ላይ ቢወድቅ እግሬን ሰበሰብኩ። እጁ ሲነካኝ ምስጥ የወጣብኝ መሰለኝ።

አሁን መጂዳ ከእኛ ጋር ናት። ፈረደም ዝናቡ ሳይጥል ጎጆዋን ሊያቆምላት እንጨት ይቆርጣል። እንግዳው ከመጣ እህል አይንፈጉት፤ የእህት ልጅ ነው። ነገር ግን አስታርቁ ብለው ሽማግሌ አይስደዱብኝ። እጄን በአመድ ብፈገፍገውም እስከ ዛሬ ሊጥ ሳቦካ ይርመሰመስብኛል።

የአባባን ጉልበት ይሳሙልኝ። ወንድሜን ደምለውን በብርቱ ሰላም ይበሉልኝ፤ ከብቶቹን ወደ ቆላ እንዳያወርድ፣ ዘንድሮ ዝንቡ ክፉ ነው። እህቴ መስከረምን ግንባሯን ይሳሙልኝ። ለእትዬ አሰበች ምን እንደምል አላውቅም፤ ቃሉን እርስዎ ይፈልጉልኝ። መጂዳም ደብዳቤ እንደማስጽፍ ሰምታ፣ «ለወለደችሽ ሰላም በይልኝ፤ ቤቴ ቢወድቅም ሰው አላጣሁም በያት» ብላኛለች።

ልጅዎ ስመኝ
መተማ፣ ግንቦት ፭ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.