የጋሼ ተስፋዬ ቢሮ ስልክና የሚኪ ድምፅ

ሰኞ

የቢሮው ስልክ ሣጥን ዛሬም ሲጠፋ ሲበራ ዋለ። ክፍል ውስጥ እያለሁ ጋሼ ተስፋዬ ደጋግመው ደውለው ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ መልሼ ደወልኩ። «ናሆም፣ ይሄ የወንድምህ ሣጥን ሊሞትብኝ ነው» አሉ። ከዚያ የተናገሩት ቃል ራሳቸውን አስደነገጣቸው።

ጋሼ ተስፋዬ ክሬጊበርን ሰፈር ውስጥ አንድ ቢሮና ጥቂት ቫኖች አሏቸው። ያገራችንን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሐኪም ቤት ያመላልሳሉ። ስልኩን ያቆመላቸው ወንድሜ ሚኪ ነው። የትንንሽ ቢሮዎችን ስልክና ኢንተርኔት መሥራት እንጀራው ነበር። በመኪና አደጋ ከሞተ ወዲህ ሌሎቹ ደንበኞች ሌላ ባለሙያ ፈለጉ። ጋሼ ተስፋዬ ግን «ወንድሙ እያለ?» አሉ። ወንድሙ አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ሥራውን የሚያውቀው ቅዳሜ ቅዳሜ መሰላል እየያዘለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። እዚያ ቢሮ ሲደወል መጀመሪያ የሚያነሳው የሚኪ ድምፅ ነው። የተቀረጸው ሣጥኑ ውስጥ ነው።

ማክሰኞ

ሁለት ምርጫ አለኝ። እንደ ድሮው ቢሮ ውስጥ የሚቀመጥ ሣጥን፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ወይም ሣጥን የሌለው፣ በኢንተርኔት የሚሠራ፤ ቢሮው ቢዘጋም ጥሪው ወደ ሾፌሮቹ ሞባይል ያልፋል። ሻጩ በስልክ ብዙ ካስረዳኝ በኋላ ማኔጀሩን አገናኘኝ አለ። ድምፄን አወፍሬ «እኔ ነኝ» አልኩት።

በኢንተርኔት የሚሠራውን መረጥኩ። ገመዶቹን የሚያገናኘው ስዊችም ይቀየር አልኩ። አዲሱ በዚያው ገመድ ለስልኮቹ ኤሌክትሪክ ስለሚሰጥ ጠረጴዛ ሥር ያለው የቻርጀር ክምር ይነሳል። መስመር ሲቋረጥ የሚተካ፣ ሲም ያለው ሞደምም አዘዝኩ።

ሚኪ ይሄን ይመርጥ ነበር? የምጠይቀው ሰው እሱ ራሱ ነበር።

ረቡዕ

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ሄጄ ተከልኩት። ስልኮቹ ሁሉ በሩ! ስልክ የምትቀበለው ሰላም «ኢንጂነር ናሆም፣ ዩኒፎርምህ የጣሪያውን አቧራ ሁሉ ይዞ ወረደ» ብላ ሳቀችብኝ።

የሚኪን ድምፅ ከአሮጌው ሣጥን አወጣሁት። ኮፒው እንዳለቀ ሣጥኑ ጠፋ፤ ከዚያ አልበራም። ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቤት አመጣሁት።

ቀረጻው ግን እንከን ነበረበት። «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አሉ?» ይላል። ከዚያ ረጅም ዝምታ። ከዚያ «መኪና ለማዘዝ አንድን ይጫኑ» ብሎ ይቀጥላል። ሚኪ ወረቀቱን ሲፈልግ የቆየ መሰለኝ። ዝምታውን ቆርጬ ጣልኩትና በመጀመሪያው ኮፒ ላይ ሴቭ አደረግሁት። አሁን እንደ ትልቅ ካምፓኒ ይፈጥናል። ሞከርኩት፣ ሠራ። ባቡር ላይ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ተመለስኩ።

ሐሙስ

ስልኩ አይጮህም። ጋሼ ተስፋዬ ጠዋት ሥራ ቀዝቅዞ መስሏቸው ነበር። ለካ ደንበኛቸው እትዬ ብርቄ ለኩላሊት እጥበት መኪና ሳያገኙ ቀርተው ጎረቤት ነው ያደረሳቸው። ደውለዋል። ጥሪዎቹ ሲስተሙ ላይ ይታያሉ፤ ይገባሉ፣ ማንም ቁጥር አይጫንም፣ ይቋረጣሉ። የአብዛኛው ሰው እንዲሁ ነው።

ስዊቹን አየሁ፣ ገመዶቹን ነቅዬ ሰካሁ። ሁሉም ደህና ነው።

ጋሼ ተስፋዬ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ፣ ይሄ የሰው ሕይወት ነው። እስከ ሰኞ ካልሆነ ሌላ ሰው እጠራለሁ» አሉ። ሌላ ሰው ከመጣ ሁሉን፣ የሚኪንም ድምፅ ጭምር፣ ይቀይረዋል።

ዓርብ

እትዬ ብርቄ ካርልተን ሰፈር እኛው ሕንፃ ላይ፣ ከእኛ በታች ነው የሚኖሩት። ይቅርታ ጠየቅኳቸውና እስቲ ፊቴ ይደውሉ አልኳቸው። ላውድ አደረግሁት።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አሉ?» አለ ሚኪ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። አንተስ እንደምን አለህ? እናትህስ? ወንድምህስ? ብርዱን እንዴት...»

ሚኪ አላስጨረሳቸውም። አንድን ይጫኑ፣ ሁለትን ይጫኑ ይላል፤ እሳቸው ገና እኛን እየጠየቁ ነው። ተቋረጠ። ስልኩን ትክ ብለው አዩት።

«ድሮ ያስጨርሰኝ ነበር» አሉ። «ምን አስቀየምኩት?»

«እትዬ፣ ሚኪ እኮ...»

«መሞቱን አጣሁት እንዴ? ለቅሶው ላይ አጠገብህ ነበርኩ። ሰላምታ ግን ሰላምታ ነው፤ እንደምን አሉ ከተባልኩ እመልሳለሁ።»

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ወረቀት አልነበረም የሚፈልገው። እየጠበቃቸው ነበር።

ቅዳሜ

ሣጥኑን ሰካሁት። ነቅዬ ደግሜ ሰካሁት። አንዲት መብራት እንኳ የለም። ዝምታው ሄዷል፤ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ አዲስ መቅረጽ ነበረብኝ። ኮምፒውተር ባዶ ድምፅ መጨመር ይችላል፤ ሞከርኩት፣ ስልኩ የተዘጋ ይመስላል። የሰው ዝምታ ሌላ ነው። በሩን ዘግቼ ማይኩ ፊት ተቀመጥኩ። እትዬ ብርቄን በልቤ አስወራኋቸው፤ እናቴን ጠየቁኝ፣ ስለ ብርዱ አወሩኝ፣ ሚኪን ነፍሱን ይማረው አሉ። እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። መሀል ላይ ወንበሩ ትንሽ ጮኸ። ተውኩት።

ከሚኪ «እንደምን አሉ?» በኋላ የኔን ዝምታ ቀጠልኩ። ከዚያ እንደገና ሚኪ።

እሑድ

እትዬ ብርቄ ከቅዳሴ ሲመለሱ ደወሉ። ሰላምታቸውን ጨረሱ፣ ጠበቁ፣ አንድን ተጫኑ። የነገው መኪና ተያዘ። የሌሎቹ ነገ ይታያል። ጋሼ ተስፋዬ «እናያለን» ብቻ ነው ያሉት።

ለእማዬ ነገርኳት። ሚኪ ከሞተ ወዲህ እዚያ ቁጥር ደውላ አታውቅም። ስልኳን ይዛ መኝታ ቤት ገባች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። «እንደምን አሉ?» ሲላት ሰማሁ፤ ከዚያ የእሷን ድምፅ፣ ቀስ ያለውን። ቲቪውን ከፈትኩ፣ የነገረችው የኔ አይደለምና።

ስትወጣ ፊቷን ታጥባ ነበር። አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጥሩ ሠርተሃል» አለችኝ። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ደግሞ፣ «ግን ዝምታው ላይ ትንሽ ጨምርበት።»