የኩርባው አሜኬላ

እታለም፣ እንደምን ከረምሽ? ያ ሳል ለቀቀሽ? የባለቤትሽስ እግር እንዴት ነው? ክራንቹን ጥሎ መራመድ ከጀመረ እሰየው ነው። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱና የመንገዱ ሥራ ግን አጥንቴን ጨርሰውታል።

ዛሬ ኩርባው ጋ አረም ስናጭድ ዋልን። በዚህ ውርጭ ሰው እንኳ ከቤቱ አይወጣም፣ አረም ግን ሀፍረት የለውም። ሰርዶው ደርቆ መሬት ላይ ተኝቷል፣ ሳማው ጠቁሯል፣ የእምቧዩ ቢጫ ፍሬ ተጨማዶም አልወድቅ ብሏል። አሜኬላው ብቻ እንደ ደረቀ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከኔ ይረዝማል። ወፎች ዘሩን ይለቅማሉ። ሳየው ማጭዱ ከበደኝ።

ሆድ ይፍጀው ብዬ ዓመት ሙሉ ይዤው ነበር፤ እሱ ግን እኔን ፈጀኝ። እያንዳንዳችን ከምልክት ድንጋይ እስከ ምልክት ድንጋይ የምናጭደው ድርሻ አለን። ኩርባው የኔ ነው። አጨዳ ሲደርስ እዚያ ከጉልበት በላይ የበቀለ ነገር አይተውም፤ ሹፌር አሻግሮ ማየት አለበት። አምና ግን ደረቅ አሜኬላ የምትወድ አንዲት ሰው አለችኝና፣ በደንብ ይድረቅላት ብዬ ጥጉን ተውኩት። ለአለቃዬ ታጭዷል ብዬ ፈረምኩ። ባለቤትሽ እዚያው የተገጨው በሦስተኛው ቀን ነው።

የዳቦ መኪናው ሹፌር ከአረሙ ውስጥ ድንገት ወጣብኝ ብሎ ቢምል፣ አረም ሰው ይወልዳል እንዴ ተብሎ ተሳቀበት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሄጄ አጭጄው ስለነበር ፖሊሶቹ ሊለኩ ሲመጡ ባዶ መሬት አገኙ። ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ ሆስፒታል አስታማሚ ሆንኩ። እናንተም መረቃችሁኝ።

ሰኞ የሹፌሩ ፍርድ ነው። ሄጄ እናገራለሁ። ሥራዬም ይሂድ፤ ደክሞኛል። ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው የጻፍኩልሽ። መጥቼ ባለቤትሽ እግር ላይ እወድቃለሁ፤ በር ብትዘጉብኝም አልቀየምም። ሹፌሩ ግን ሰላም ሲልሽ ፊትሽን አታዙሪበት።

ጤናውን ለሁላችሁ ያብዛላችሁ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። መስኮትሽ ላይ ጠርሙስ ውስጥ ያቆምሻቸውን ደረቅ አበቦች ጣያቸው። ከየት እንዳመጣሁልሽ አትጠይቂኝ። አንቺ ምንም አላጠፋሽም።

ታናሽ ወንድምሽ