ሳታውቀኝ ታነብበት የነበረው አዳራሽ

መስከረም 24

ዛሬም እንደ ወትሮው ጋዜጣውን ድምፄን ከፍ አድርጌ ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ እሷም እንደ ወትሮዋ ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል ሰማችኝ፣ ወይም የሰማችኝ መሰለኝ። ሐኪሙ ትናንት ያለኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣ ብሏል። «አባቴ፣ መጀመሪያ የሚጠፋው የቅርቡ ነው፤ የድሮው ይቆያል። ወደ ድሮ ቦታዋ ቢወስዷት ምናልባት…»

ምናልባት! በዚህች በአንዲት ቃል ተንጠልጥዬ ዋልኩ። የድሮው ቦታ አንድ ነው፤ በወጣትነታችን እሷ ሕግ፣ እኔ ጥንታዊ ቋንቋዎች ስናጠና በአንድ የንባብ አዳራሽ የተያየንበት፣ ዛሬ ግን የሩቅ አገር ሰው ሳይቀር ትኬት ቆርጦ የሚጎበኘው ያ አሮጌ ዩኒቨርሲቲ። ማን እንደሆንኩ ከጠፋት ወራት አለፉ። እዚያ ታውቀኝ ይሆን?

መስከረም 27

ታናሽ እህቷ ሻንጣ እያሰናዳች ታጉረመርማለች።

«ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ጉብኝት? እሷ እኮ ማድቤቱና መኝታ ቤቱ እየተምታቱባት ነው!»

«ለዚሁ ነው የምንሄደው።»

«እርስዎማ ለጉንፋንም ቢሆን ቤተ መጻሕፍት ነው የሚያዙት።» ሳቀች። ዞር ብላ ግን ዓይኗን ጠረገች። አየኋት፤ ያላየሁ መሰልኩ።

ጥቅምት 2

ደረስን። ሁለታችን ብቻ። የሆቴሉ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። «ባልሽ ነኝ» አልኳት። ያላመነውን ነገር ላለመቃወም ሲል ፈገግ እንደሚል እንግዳ፣ በትሕትና ፈገግ አለችልኝ።

ነገ…

ጥቅምት 3

መሽቷል። ቢሆንም ልጻፈው።

በሩ ላይ «ጎብኚ» የሚል ወረቀት ደረታችን ላይ ለጠፉልን፤ ያን በር ሳልጠየቅ የምገባ የነበርኩትን ሰውዬ! አስጎብኚዋ፣ ጃንጥላዋን እንደ ሰንደቅ ያነሣች ልጅ እግር፣ ጎብኚውን ሁሉ አስከትላ የግቢውን መስክ ስታቋርጥ እኔም ሣሩ ላይ ወጣሁ። ያን ጊዜ ነው እጅጌዬ የተጎተተው።

«ምን ነካዎት? ከሣሩ ይውረዱ እንጂ!»

ባለቤቴ ናት። ድምፅዋ ጥርት ያለ፣ ስንት ጊዜ የናፈቀኝ ያ ቁጡ ድምፅ።

«እሱን የሚረግጡት መምህራን ብቻ ናቸው። ዘበኛው ያየዎት እንደሆነ ጉድዎ ነው!»

አስጎብኚዋ ሳቀች። «እማማ፣ ያ ደንብ እኮ ድሮ ቀረ።»

«ለአንቺ ቀርቶ ይሆናል» ብላት ዳር ዳሩን ዞረች። እኔም እንደ ልጅ እየፈነጠዝኩ ተከተልኳት።

ከዚያ አዳራሹ… እስከ ጣሪያ የተደረደሩት መጻሕፍት ጀርባቸው በዕድሜ ጠቁሮ፣ መሰላሎቹ ሰው እንደናፈቃቸው መደርደሪያውን ተደግፈው፣ የመጻሕፍት ዝርዝር ካርድ መሳቢያዎቹ የናስ እጀታ በስንትና ስንት ትውልድ ጣት ለስልሶ፣ ሁሉም ማንም እንዳይነካው በቀይ ገመድ ታጥሮ ሳየው፣ ሕይወቴ ራሱ ተገንዞ ለእይታ የወጣ መሰለኝ። እሷ ግን ገመዱን ከፍ አድርጋ በሥሩ አለፈችና መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ጠባቂው ሊከለክላት መጣ፤ ፊቷን አይቶ ተመለሰ።

«ያ ማዶ ያለው ጠረጴዛ ይታይዎታል?» አለችኝ በሹክሹክታ። «አንድ የጥንት ቋንቋ ተማሪ እዚያ ይቀመጣል። መጽሐፍ ገልጦ እኔን ነው የሚያነበው።»

ጠጋ አልኳት።

«ምን ዓይነት ልጅ ነው?»

«ሸንበቆ የመሰለ ረጅም። ንግግሩ ደግሞ ከቁመቱ ይብሳል፤ ደህና አደርሽ ማለት ሲጀምር ሳይጨርሰው የምሳ ደወል ይደወላል!» አፏን በመዳፏ ይዛ በሳቅ ተንፈቀፈቀች።

«ትወጂዋለሽ?»

«አባባ! ይኼ ደግሞ ይጠየቃል እንዴ?» ከዚያ ጠረጴዛውን በጣቷ ዳበሰች… «እንጃ። ገና አልቆረጥኩም።»

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ዕድሜዬን በሙሉ የቀደምት ጸሐፍትን ግድፈት ለቅሜ ያረምኩ፣ አንዲት ስሕተት አይቼ ማለፍ የማልችል ሰው፣ እሷንም አረምኳት።

«ያ ልጅ እኮ እኔ ነኝ።»

ሽበቴን አየች። ከዘራዬን አየች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ተገፈፈ።

«አይቀልዱ። እሱ ልጅ ነው።» ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ተነሣች። «ወደ ቤት ልሂድ። እናቴ ትቆጣኛለች።»

ምን ነበረበት ዝም ብል? ምን?

ጥቅምት 4

ዛሬም ወሰድኳት። ሣሩን ረግጣ አለፈች።

የምትቀመጥበትን ወንበር አሳየኋት። «ወንበር ነው» አለች።

ጥቅምት 5

በባቡር ተመለስን። ትከሻዬ ላይ ተኝታ ነበር፤ ስትነቃ ይቅርታ ጠየቀችኝ።

በዚያ ልጅ ቀናሁ። ሰው በራሱ ይቀናል? እሱ የትም ሳይሄድ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ሲታሰብና ሲሳቅለት፣ እኔ ከእሱ በኋላ ያለውን ዘመን ሁሉ፣ ልጅ ማሳደጉን፣ ሐዘኑን፣ ሕመሙን፣ እርቁን አብሬያት ተሸክሜ እዚህ ያደረስኩት፣ ቦርሳዋን የያዝኩላት መንገደኛ ነኝ። ሐኪሙ አልዋሸኝም። የድሮው ቆይቷል። እኔ ነኝ ያልቆየሁት…

ጥቅምት 9

ዝናብ። ጋዜጣውን አላነበብኩም።

ጥቅምት 17

እስካሁን ባታውቀኝም ጎኔ መተኛቱን ለምዳው ነበር። ትናንት ግን ፈርታኝ ጮኸች፤ ስለዚህ ታናሽ እህቷ አልጋዬን የመጻሕፍት ክፍል ውስጥ አነጠፈችልኝ።

ዛሬ ሊመሻሽ ሲል ሳሎን ተቀምጠን ሳለ የግድግዳውን ሰዓት አየችና ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ ጨዋታዎ ደስ ይላል። ግን መሸ እኮ፤ ባለቤትዎ አይጨነቁም?»

ታናሽ እህቷ ልትናገር አፏን ከፈተች። በእጄ ዝም አሰኘኋት።

«እውነትዎን ነው» አልኳት። «ትጨነቃለች።»

ኮፍያዬን አደረግሁ፤ ከዘራዬን አነሣሁ። እስከ በሩ ሸኘችኝ፤ እንግዳ መሸኘት መቼም አትረሳም።

«ባለቤትዎን ሰላም ይበሉልኝ። ማን ይባላሉ?»

የራሷን ስም ነገርኳት።

«የሚያምር ስም ነው» አለችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።