ካርዱ መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ

አባ ቦንቱ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ልጃችን ቦንቱ በቁመት በልጣኛለች፤ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ናት። ፎቶ ቤትህን መልሼ ከፈትኩት። ካሜራህ ለሕክምናህ ስለተሸጠ ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ካለው የጉራጌ ነጋዴ ያገለገለ ገዛሁ፤ ያንን አንተ የጀማሪ የምትለውን፣ መያዣው ላይ ያለው ጎማ የተላጠውን። ነጋዴው አንስቶ አሳየኝ፤ ጥርት ያለ ነው። አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው በነቀምቴ መንገድ ስሄድ ኩራቴን ብታይ!

አይ ኩራት! የመጀመሪያ ሥራዬ ቢላ ከተማ ላይ፣ የአንድ ወዳጃችን ልጅ ሰርግ ነበር። ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው ሙሽሮቹን ሲመርቁ ተንበርክኬ አነሳለሁ። ምስሉ ስክሪኑ ላይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ እኔ ተቀመጠ ብያለሁ። ምርቃቱ አልቆ ሙሽራዋ መኪና ከገባች በኋላ የሙሽራዋ እናት እስቲ አሳዪኝ አለችኝ። ብከፍተው ባዶ! ለካ ነጋዴው የሞከረበትን የራሱን ሜሞሪ ካርድ አውጥቶ አስቀርቶ ነው ካሜራውን የሰጠኝ። ያንተ ካርድ ደግሞ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የእሱ ሚስት ስሙን አጠፋችው ሲሉ ታየኝ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ይጠራኛል? መዋሸትም አማረኝ፤ ግን የሰው ሰርግ ነው። አንገቴን ደፍቼ ነገርኳቸው። ቪዲዮ አንሺው እየሳቀ ካርድ አዋሰኝ።

ያኔ ትልቁ ሽማግሌ ብድግ ብለው ሙሽራዋን ከመኪና አስወረዷት። ኤባ፣ ምርቃት፣ ቢደገም ማንን ይጎዳል ብለው እንደገና መረቁ። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው እጆቼንም መረቁልኝ።

ትዝ ይልሃል? ለሥራ ስትወጣ የካሜራህን የካርድ ማስገቢያ ክዳን ደጋግመህ ከፍተህ ታይ ነበር። እኔም ካርዱ ክንፍ አውጥቶ ይበራል ወይ እያልኩ እስቅብህ ነበር። አሁን ከፋቿ እኔ ነኝ። ቦንቱ በር ላይ ቆማ፣ እማዬ፣ ዛሬም ክንፍ አወጣ ወይ ትለኛለች፤ ከማን እንደሰማችው አውቃለሁና አፍራለሁ። አልረሳህም፣ አባ ቦንቱ። ያቺን ክዳን ከፍቼ፣ ስምህን ጠርቼ ነው ከቤት የምወጣው።