ግማሹ የሞተ መነጽር

ኅዳር 3 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ከሱብሒ በኋላ

ዛሬም ሐይቁ ዳር ነኝ። ብርድ ነው። ደብተሬ፣ ጉልበቴ ላይ ነሽ። ማዶ ሁለት ዓሣ አጥማጆች አሉ። አንዱ ይቀዝፋል፣ አንዱ መረብ ይስባል። የሚስበው ግራኝ ነው። ይህን ያየሁት በባዶ ዓይኔ ነው። በአንድ ባዶ ዓይን!

ይኸው ጻፍኩት። አምስት ወር ሙሉ ላንቺ እንኳ ሳልነግርሽ ቆየሁ። የግራ ዓይኔ ጠፍቷል። ኦሞ ወርጄ ጎሽ ሲያባርረኝ የተረፍኩ ሰውዬ፣ የገዛ ጓሮዬን አጥር ስቆርጥ የቁልቋል ወተት ዓይኔ ገባ። ሐኪሙ ረፍዷል አለ። ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል።

የአደን ድርጅት ያለው አቶ መኮንን በታኅሣሥ እንግዶች ይዞ ባሌ ይወጣል፤ ደጋ አጋዘን ፍለጋ። አሥር ዓመት ጠቋሚው እኔ ነኝ። አውሬውን መጀመሪያ የማየው እኔ። ይሄ ሸምግሏል ይተኮስ፣ ያ ገና ነው ይቅር የምለውም እኔ። ስለ ዓይኔ አያውቅም።

ኅዳር 5፣ ማክሰኞ፣ ቀትር

ቴሌ ሄድኩ። ደወልኩ። ነገርኩት። ባለቤቴ ዘሃራ ደብቅ ብላኝ ነበር፤ እዚያ ከደረስክ ማን ልብ ይላል ባይ ናት። አልደበቅሁም። እንደ ሌባ ተሸሽጌ አልሄድም።

አቶ መ. (ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነው የምጽፈው፤ ቀለም አላባክንለትም) እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ አዘነልኝ። ከዚያ ዕረፍ አለኝ፣ ብዙ ደክመሃል አለኝ፣ ከፈለግህ ካምፕ ትጠብቃለህ አለኝ። ድንኳን ልቆጥር! በእኔ ቦታ ካሳን ሊወስድ ነው። ካሳ የውጫሌ ሰው ነው፤ አራት ዓመት ዕቃ ተሸክሞልናል። ጎበዝ ነው፣ ክፉ አይወጣውም። ግን እስከ ዛሬ አንድ አጋዘን ጠቁሞ አያውቅም። አሁን ያስመረጠው ሁለት ዓይኑ ነው።

ፈትነን አልኩት። ካሳን ለመውሰድ ውጫሌ መምጣትህ አይቀርም። የአምባሰል ገደል ላይ ሁለታችንንም አቁመን፣ ሰስ እንፈልግ። ሰስ ከድንጋዩ የማትለይ የገደል ሚዳቋ ናት፤ ለፈተና እሷን የሚያህል የለም። ከተሸነፍኩ ሁለተኛ ስልክ አልደውልልህም። እሺ አለ። ለቅሶ ቤት የሚባል ዓይነት እሺ።

አሁን የጦር ሜዳ መነጽር ያስፈልገኛል። የድሮው የአቶ መ. ድርጅት ዕቃ ነበር።

ኅዳር 8፣ ዓርብ፣ ከዐስር በኋላ

ደሴ ደርሼ መጣሁ። ሐጂ ሙሄ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡበት ሱቅ። መደርደሪያው ላይ አራት የጦር ሜዳ መነጽር። ሐጂ ትልቁን አነሱልኝ። አሥራ ሁለት እጥፍ ያቀርባል፣ ውሰድ አሉ። ደጅ ወጥቼ አየሁበት። መስጊዱ ሚናራ ላይ ያለች እርግብ አፍንጫዬ ስር መጣች። ግን ትንቀጠቀጣለች። የምትንቀጠቀጠው እርግቧ አይደለችም፣ የእኔ እጅ ነው። ብዙ ባቀረበ ቁጥር የእጅንም መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላዋል። ደግሞ ሰው ሁሉ መነጽር የሚመርጠው በቀትር፣ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ነው። አውሬ በቀትር አይወጣም! ንጋትና ምሽት ላይ ብርሃን የሚሰበስብ ሰፊ መስታወት ነው የሚፈለገው።

ከታች አንድ ከባድ፣ ቀለሙ የተላጠ ነበር። ስምንት እጥፍ። የፊት መስታወቱ ሰፊ። የግራው ቱቦ ውስጡ ሻጋታ፣ ጉም ብቻ። የቀኙ የምንጭ ውሃ። ይሄን ስጡኝ አልኩ።

ሐጂ ደነገጡ። «ኧረ ይማም፣ ይሄ እኮ ግማሹ ሞቷል! ላንተ ብሸጥ አላህ ይጠይቀኛል።»

«እኔም ግማሼ ሞቷል ሐጂ። ይስጡኝ።»

ቀና ብለው ዓይኔን አዩ። ለካ እስካሁን አላስተዋሉም። በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ እጃቸውን ደረቴ ላይ አድርገው ዱዓ አደረጉልኝ። ዱዓውን ተቀበልኩ። ሐዘኑን ግን እዚያው ትቼላቸው መጣሁ።

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ፣ መግሪብ አካባቢ

ዘሃራ መነጽሩን አየችና ሳቀች። እስክታለቅስ ሳቀች። በኋላ ግን እንባው ከሳቁ አልሆነም። መነጽሩን ይዤ ወጣሁ።

ጀምበር ጠለቀች። ከሐይቁ ማዶ ያሉት የገዳሙ ዛፎች ለባዶ ዓይን ጥቁር ክምር ናቸው። በቀኙ ቱቦ ግን ቅርንጫፍና ቅርንጫፍ ይለያል። አንድ አባ ከዛፉ ስር መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። አየኋቸው! ብቻዬን ጮህኩ። ዳክዬ ተነሳ።

ኅዳር 11፣ ሰኞ

ዛሬ ልዋሽሽ ነበር፣ ደብተሬ። ተውኩት።

ማየቱን አያለሁ። ርቀት ግን ጠፋኝ። ለካ ርቀት የሚለካው በሁለት ዓይን ነው። ያ ግራር መቶ ሃምሳ እርምጃ ነው አልኩ፤ ረግጬ ስቆጥር ዘጠና። ያቺ ፍየል ሁለት መቶ፤ ሦስት መቶ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ተኳሹ ጠቋሚውን ነው የሚጠይቀው። ጠቋሚ ከተሳሳተ አውሬው ቆስሎ ጫካ ይገባል፣ ሦስት ቀን ሲሰቃይ ይሞታል። አይቻለሁ።

ቤት ገብቼ ውሃ ቀዳሁ። ከኩባያው ውጭ። ኩባያውን ወረወርኩት። አላህን ወቀስኩ፤ ወዲያው አስተግፊሩላህ አልኩ። ካምፕ ጠባቂ ልሁን ይሆን? አልሆንም። አልሆንም።

ኅዳር 15፣ ዓርብ

ዘሃራ መላ አመጣች። እኔ ልቁምልህ አለች። ቁመቷን አውቃለሁ፤ በቱቦው ውስጥ ስንት እጅ እንደምትሞላ እያየሁ ርቀቱን እገምታለሁ። አራት ቀን ማሳ ለማሳ ስትዞርልኝ ከረመች። ጎረቤቱ የዘሃራ ባል አበደ እያለ ነው። በመነጽር ሳያት ተቆጥታም ታምራለች። ነገርኳት። ድንጋይ አነሳች።

ከአሥሩ ስድስቱን አገኛለሁ። አራቱን አሁንም እስታለሁ።

ኅዳር 19፣ ማክሰኞ፣ ውጫሌ፣ ጠዋት፣ ሻይ ቤት

ትናንት አመሻሹ ላይ ሆነ። ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጥን። አቶ መ. በመሐል፣ ካሳ በቀኝ፣ እኔ በግራ። አቶ መ. አዲስ ሦስት መነጽር አምጥቷል፤ ካሳ አሥራ ሁለት እጥፉን አንስቷል። ማንስ አያነሳ።

ቀድሞ ያገኘው ካሳ ነው። ልጻፈው፣ ይጻፍ። ከእኔ በፊት! ማዶ እርከኑ ላይ፣ ከቀዩ ድንጋይ በላይ፤ ብቸኛ ወንድ ነው፣ ቀንዱ ረጅም፣ ይተኮሳል አለ። አቶ መ. ርቀቱን ጠየቀ። ካሳ ሁለት መቶ ሠላሳ ሜትር አለ። እኔ መቶ ሰባ። አቶ መ. ርቀት የሚለካ መሣሪያ ነበረው፤ ለካው። የካሳ ልክ ነበር። የእኔ አልነበረም። አቶ መ. ትከሻዬን መታ መታ አደረገ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ዓይነት።

ቆይ አልኩ። ገና እያየሁ ነበር። ብርሃኑ እየሸሸ ነው፤ ቀኙ ቱቦዬ ግን ይሠራል። ሰሷ ጆሮዋን አንቀሳቀሰች። ራሷ ዞረ። ቀንዱ አልዞረም።

«ቀንድ አይደለም፣ ከኋላዋ የበቀለ ደረቅ እንጨት ነው» አልኩ። «ሴት ናት። ብቻዋንም አይደለችም። ከሆዷ ስር፣ ጥላው ውስጥ፣ ግልገል ተኝቷል።»

ካሳ ደጋግሞ አየ። ጨልሞብኛል አለ፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። መነጽሬን ሰጠሁት። ግራውን ጨፍን አልኩት። ብዙ ቆየ። ከዚያ አውርዶ አቶ መኮንንን ሳይሆን እኔን አየ።

«እውነት ነው አያ ይማም። ላስገድላት ነበር። አንቱ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር!»

አቶ መ.ም ተቀበለው። በሁለት ዓይኑ ሲያይ ግማሹ ጉም ሆነበት፣ ምንድን ነው ይሄ ጉድ አለ። ከዚያ ግራውን ጨፈነ። ከዚያ በኋላ ስለ ዕረፍት ያነሳ የለም።

እዚያው፣ ቀትር ላይ

አቶ መ. ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ አለ። ርቀት የካሳ፣ ዓይን የእኔ። ይህን ሲል ችሮታ ያደረገልኝ መስሎታል። አንድ ነገር ቀርቷል አልኩት። እንግዳው ቸኩሎ፣ ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ጠመንጃውን ደግኖ ሳለ እኔ አይተኮስም ብል ማን ይሰማኛል? ባለፈው ዓመት አልተሰማሁም፤ ያኔ ሁለት ዓይን ነበረኝ። ዘንድሮ ካልተሰማሁ አልሄድም። አውቶቡስ አለ፣ ቤቴ ሐይቅ ቅርብ ነው።

አቶ መ. ሻዩን ወደ ጎን ገፋ። ካሳ መሬት መሬት ያያል።

ሦስቱን አዲስ መነጽር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልኝ፤ አሁን ምረጥ አለኝ። ስምንት እጥፉን መረጥኩ፤ ሰፊውን። ለካሳ ሰጠሁት። አሥራ ሁለት እጥፉ ለእንግዶቹ መታያ ይሁን አልኩ። የእኔማ አለኝ።

ከዚያ አንቺን ገለጥኩ፣ ብዕሩን አስያዝኩት፣ እዚህ ላይ ጻፍ አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጻፈ። እጅ ጽሑፉ አያምርም፤ ይነበባል ግን፦

ይማም አይተኮስም ካለ አይተኮስም። መኮንን።